የበረራ ማስመሰያ ፕሮግራሞችና የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ቋንቋ፦ ከማስተማሪያ መሣሪያነት አንጻር የቀረበ ሂስ

መግቢያ

አንድ የማስተማሪያ መሣሪያ ለትምህርት ቤት ይበጃል ወይስ አይበጅም ተብሎ ሲጠየቅ፣ በቅድሚያ ሊመረመር የሚገባው ተማሪው በመሣሪያው አማካይነት ምን እንደሚሠራ ነው። መሣሪያው ራሱ የሚሠራው ሥራ የቱንም ያህል የሚያስደንቅ ቢሆን፣ ተማሪው ተመልካች ብቻ ሆኖ ከቀረ ትምህርት ተካሂዷል ለማለት ያዳግታል። ይህ መለኪያ ለሰሌዳና ለጠመኔ፣ ለሬዲዮ ትምህርትና ለቤተ ሙከራ ዕቃ የሚያገለግለውን ያህል ለኮምፒዩተር ፕሮግራምም ያገለግላል።

በዚህ ጽሑፍ በዚሁ መለኪያ የሚመዘኑት የበረራ ማስመሰያ ፕሮግራሞች ናቸው። ተጠቃሚው በኮምፒዩተር ስክሪን ፊት ተቀምጦ አውሮፕላን ያስነሣል፣ ያበራል፣ ያሳርፋል። እኛ የምንመለከተው ግን በፕሮግራሞቹ ውስጥ አብራሪውና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው በሬዲዮ የሚነጋገሩበትን ክፍል ነው። ስለዚህ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚነገረው ምስጋና ወጣቱን የእንግሊዝኛ ቋንቋ በጥራት መናገርን፣ ትእዛዝን በጥንቃቄ መቀበልንና የዓለም አቀፍ ሥራ ሥርዓትን ያስተምራል የሚል ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ በመሆኑ፣ ይህን የመሰለ ምስጋና የቋንቋ መምህሩንም ሆነ ለኮምፒዩተር ክፍል በጀት የሚመድበውን የዕቅድ ባለሙያ ጆሮ መሳቡ አይቀርም። ስለዚህ ምስጋናው እውነት መሆን አለመሆኑን፣ እውነት ከሆነም በየትኛው ዓይነት ፕሮግራም ላይ እውነት እንደሚሆን መለየት ተገቢ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብ ያስፈልጋል።

1. የማስመሰያው አመጣጥና የመምህሩ ድምፅ

የበረራ ማስመሰያ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ መሣሪያ ነው። አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ በ1929 የሠራው ማሠልጠኛ ከቤተሰቡ የኦርጋን ፋብሪካ በተገኘ ዕውቀት፣ በወናፍና በአየር ግፊት የሚንቀሳቀስ ትንሽ የአውሮፕላን አምሳያ ነበር። የአሜሪካ ጦር አየር ጓድ በ1934 ፖስታ እንዲያመላልስ ታዝዞ ብዙ አብራሪዎቹ በመጥፎ አየር ከሞቱበት በኋላ ስድስት የሊንክ ማሠልጠኛዎችን ገዛ። ሠልጣኙ በተዘጋው አምሳያ ውስጥ ሆኖ መሣሪያዎቹን እያነበበ ሲያበር፣ አሠልጣኙ በአጠገቡ ባለው ጠረጴዛ ተቀምጦ የበረራውን መሥመር በካርታ ላይ ይከታተላል፤ በማዳመጫና በመናገሪያም ያነጋግረዋል።

ለዚህ ሂስ ትልቁ ቁም ነገር የመጨረሻው ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ በማስመሰያ ውስጥ የተቆጣጣሪው ድምፅ የመምህሩ ድምፅ ነበር። ዛሬም ቢሆን የአየር መንገዶች አብራሪዎች በሚሠለጥኑባቸው ግዙፍና ውድ ማስመሰያዎች ውስጥ፣ አሠልጣኙ ከሠልጣኞቹ ጀርባ ተቀምጦ የተቆጣጣሪውን ቃል ራሱ መናገሩ የተለመደ አሠራር ነው። አሠልጣኙ ይናገራል፣ የሠልጣኙን መልስ ይሰማል፣ ስሕተት ሲኖር ያርማል፣ አንዳንድ ጊዜም ሆን ብሎ አሳሳች ነገር አስገብቶ ሠልጣኙ ይነቃ እንደሆነ ይፈትናል።

ማስመሰያው በግል ኮምፒዩተር ወደ ቤት ሲገባ የጎደለው ይኸው መምህር ነው። ሰብሎጂክ የተባለው ድርጅት በ1970ዎቹ መጨረሻ ያዘጋጀውን ፕሮግራም መሠረት በማድረግ ማይክሮሶፍት በ1982 የመጀመሪያውን «ፍላይት ሲሙሌተር» አወጣ። በእነዚያ ዓመታት ተጠቃሚው የሚያበረው ብቻውን ነበር። ተጠቃሚው ጥያቄ አቅርቦ ምላሽ የሚያገኝበት የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ክፍል በዚህ ተከታታይ ሥራ ውስጥ የገባው «ፍላይት ሲሙሌተር 2002» በተባለው እትም ነው። ከዚያ በኋላ በ2006 «ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ»፣ በ2020 እና በ2024 ደግሞ አዲሶቹ እትሞች ወጥተዋል። መልክዓ ምድሩ፣ ደመናውና የአውሮፕላኑ ገጽታ በእያንዳንዱ እትም እጅግ ተሻሽሏል። የንግግሩ ክፍል ግን በዚያው መጠን አደገ ለማለት አይቻልም።

2. የሬዲዮ ቋንቋው ጠባብ የሆነበት ምክንያት

ፕሮግራሞቹን ከመመዘን በፊት እናስመስላለን የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። አብራሪና ተቆጣጣሪ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ከተራው እንግሊዝኛ ተቆንጥሮ የወጣ፣ ቃላቱ የተቆጠሩ፣ የእያንዳንዱም ቃል ትርጉም በደንብ የተወሰነ ቋንቋ ነው። ይህን የሚወስነው የተባበሩት መንግሥታት አካል የሆነው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ነው። ዛሬ የሚሠራበት ከ«አልፋ» እና «ብራቮ» የሚጀምረው የፊደል መጠሪያ ሥራ ላይ የዋለው በ1956 ነው። ቁጥሮችም የራሳቸው አጠራር አላቸው፤ ሦስት «ትሪ»፣ አራት «ፎወር»፣ አምስት «ፋይፍ»፣ ዘጠኝ «ናይነር» ተብለው ይጠራሉ። በክፍል ውስጥ ተማሪው «ትሪ» ቢል የእንግሊዝኛ መምህሩ ስሕተት ብሎ የሚያርመው ድምፅ፣ በሬዲዮ ላይ ትክክለኛው አጠራር ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱም የሬዲዮ ቋንቋ የተሠራው በሚያቋርጥ ድምፅ፣ በልዩ ልዩ አፍ መፍቻ ቋንቋ ተናጋሪዎች መካከል ሳይሳሳት እንዲሰማ ነው።

የቃላቱም ትርጉም እንደዚሁ የተጠበቀ ነው። «ሮጀር» ማለት የመጨረሻውን መልእክትህን በሙሉ ተቀብያለሁ ማለት ብቻ ነው፤ ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም፣ እፈጽማለሁ ማለትም አይደለም። እፈጽማለሁ ለማለት «ዊልኮ»፣ አዎን ለማለት «አፈርም»፣ አይደለም ለማለት «ኔጋቲቭ» ይባላል። «ስታንድባይ» የተባለ ሰው ጠብቅ ተባለ እንጂ ተፈቀደልህ አልተባለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አብራሪው ዋና ዋናዎቹን ትእዛዞችና ፈቃዶች መልሶ የማሰማት ግዴታ አለበት። ወደ መንደርደሪያ መግባትን፣ መንደርደሪያ ማቋረጥን፣ መነሣትንና ማረፍን፣ ከፍታን፣ አቅጣጫን፣ ፍጥነትንና የከፍታ መለኪያ ማስተካከያን የሚመለከት ቃል ሁሉ ተደግሞ ይሰማል። ተቆጣጣሪውም የተደገመውን አዳምጦ የማረም ግዴታ አለበት። እንግዲህ ይህ ቋንቋ የተመሠረተው በሦስት ተግባር ላይ ነው፤ መናገር፣ መልሶ ማሰማት፣ አዳምጦ ማረም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከምን እንደመጣ የሚያስረዳ ታሪክ አለ። መጋቢት 27 ቀን 1977 በካናሪ ደሴቶች፣ በተነሪፍ ደሴት በሚገኘው በሎስ ሮዴዎስ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ጉም በሸፈነው መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። የኬ.ኤል.ኤም. አውሮፕላን የበረራ መሥመር ፈቃድ ተሰጥቶት ነበር፤ የመነሣት ፈቃድ ግን አልተሰጠውም። ረዳት አብራሪው የመሥመር ፈቃዱን መልሶ ካሰማ በኋላ «አሁን በመነሣት ላይ ነን» የሚል ስሜት ያለው አሻሚ ቃል ጨመረበት። ተቆጣጣሪው አውሮፕላኑ ለመነሣት ዝግጁ ሆኖ የቆመ መስሎት «ኦኬ» ሲል መለሰ፤ ቀጥሎም ለመነሣት እንዲጠብቅና እንደሚጠራው ነገረው። በዚያችው ቅጽበት የፓን አሜሪካን አውሮፕላን ገና በመንደርደሪያው ላይ መሆኑን በሬዲዮ ስለተናገረ፣ ሁለቱ ድምፆች ተደራርበው የማስጠንቀቂያው ቃል በፉጨት ተዋጠ። ለኬ.ኤል.ኤም. ሠራተኞች ጠርቶ የተሰማቸው «ኦኬ» የሚለው ቃል ነበር።

አደጋው ብዙ ምክንያቶች ነበሩት፤ ቋንቋ አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ መነሣት የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ፈቃዱ በሚሰጥበትና በሚሰረዝበት ጊዜ ብቻ እንዲነገር፣ በሌላ ጊዜ ሁሉ በሌላ ቃል እንዲተካ ተደርጓል። በአገራችን «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይባላል። ይሁን እንጂ የእኛ «እሺ» ሰምቻለሁ፣ ተስማምቻለሁ፣ አደርገዋለሁ፣ ቀጥል፣ አንዳንዴም ይለፈኝ የሚሉትን ትርጉሞች ሁሉ አንድ ላይ ይዞ የሚሄድ ቃል ነው። ለማኅበራዊ ኑሮ ይህ ስፋቱ በረከት ሊሆን ይችላል። በሬዲዮ ላይ ግን እንዲህ ያለ ሰፊ ቃል ምን ሊያስከትል እንደሚችል የተነሪፉ «ኦኬ» አሳይቷል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ የተለየ ትምህርት ይሰጣል። ጥር 25 ቀን 1990 ከኮሎምቢያ ወደ ኒውዮርክ ይበር የነበረው የአቪያንካ 52 አውሮፕላን ለረጅም ጊዜ በአየር ላይ እንዲጠብቅ ከተደረገ በኋላ ነዳጁ አልቆ ወደቀ፤ ከተሳፈሩት 158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ። ሠራተኞቹ ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን ተናግረው ነበር፤ ቅድሚያ እንዲሰጣቸውም ጠይቀው ነበር። ነገር ግን አስቸኳይ አደጋ መድረሱን የሚያውጀውን የተወሰነ ቃል አልተናገሩም፤ ተቆጣጣሪዎቹም የነገሩን ክብደት አልተረዱም። በተነሪፍ ልቅ የሆነ ቃል ሲጎዳ፣ በኒውዮርክ ደግሞ ትክክለኛው ቃል ሳይነገር መቅረቱ ጎዳ።

ዓለም አቀፉ ድርጅት በ2003 ባወጣውና ከመጋቢት 2008 ጀምሮ ተፈጻሚ በሆነው ደንብ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች በስድስት ደረጃ በተከፈለ የቋንቋ ችሎታ መለኪያ እንዲመዘኑ ወስኗል፤ ለዓለም አቀፍ በረራ የሚጠየቀው ዝቅተኛው አራተኛው ደረጃ ነው። የሚመዘኑትም አጠራር፣ የሰዋስው አወቃቀር፣ የቃላት ሀብት፣ አቀላጥፎ መናገር፣ ሰምቶ መረዳትና ተግባብቶ መመላለስ ናቸው። ይህ የሚያስረዳው የተወሰኑትን ቃላት በቃል መያዝ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ያልታሰበ ነገር ሲደርስ አብራሪው ችግሩን በተራ ቋንቋ ማስረዳት መቻል አለበት።

3. ለተማሪው የሚናገርለት ፕሮግራም

ከላይ በተሰጠው መለኪያ ሲመዘን፣ በማስመሰያው ውስጥ አብሮ የሚመጣው የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ክፍል ዋናውን ፈተና አያልፍም። በ«ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ» ተጠቃሚው ለመናገር ሲፈልግ በስክሪኑ ላይ ቁጥር የተሰጣቸው ምርጫዎች ይቀርቡለታል፤ ከእነርሱ አንዱን ቁጥር ይጫናል። ከዚያ በኋላ የአብራሪውን ቃል የሚናገረው ፕሮግራሙ ነው። ተቆጣጣሪው ትእዛዝ ሲሰጥም ተጠቃሚው አንድ ቁልፍ ሲጫን ትእዛዙ በፕሮግራሙ ድምፅ ሳይሳሳት ተደግሞ ይሰማል። ተማሪው ትእዛዙን ባይሰማውም፣ ቢሰማው ባይገባውም፣ ቢገባው ባያስታውሰውም መልሱ ሁልጊዜ ትክክል ነው።

እንግዲህ ከሦስቱ ተግባራት ለተማሪው የቀረለት የትኛው ነው? መናገሩን ፕሮግራሙ ወሰደው፤ መልሶ ማሰማቱንም ፕሮግራሙ ወሰደው፤ አዳምጦ ማረምም ስሕተት በማይፈጠርበት ቦታ ሥራ የለውም። ይህ ተማሪው የሒሳብ ጥያቄ ቁጥር ሲጠቁም መልሱን ራሱ በሰሌዳ ላይ ከሚጽፍ መሣሪያ አይለይም። ተማሪው ብዙ መልስ ያያል፤ አንድም አያሰላም።

ሁለተኛው ጉድለት ምርጫዎቹ የተቆጠሩ መሆናቸው ነው። በዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ ነገር ሊነገር አይችልም። የአቪያንካ ሠራተኞች ችግር ትክክለኛውን ቃል ከራሳቸው አፍልቀው በጊዜው መናገር አለመቻላቸው ነበር። ዝርዝር ፊት ለፊቱ የተቀመጠለት ተማሪ ይህን ችሎታ የሚለማመድበት ጊዜ የለውም።

ሦስተኛው ጉድለት የቃላቱ ምንጭ ነው። ፕሮግራሙ በአሜሪካ እንደመሠራቱ የንግግሩ መልክ በአብዛኛው የአሜሪካንን ልማድ የተከተለ ነው። ለምሳሌ በዚያ ዘመን በአሜሪካ አንድ አውሮፕላን ወደ መንደርደሪያው ገብቶ የመነሣት ፈቃድ እንዲጠብቅ ሲታዘዝ «ፖዚሽን ኤንድ ሆልድ» ይባል ነበር፤ ማስመሰያውም ይህንኑ ይል ነበር። በዓለም አቀፉ ደንብ ግን «ሆልድ ፖዚሽን» ማለት ካለህበት አትነቃነቅ ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት ቦታ ቢለዋወጡ አንዱ ግባ፣ ሌላው አትግባ ይሆናል። የአሜሪካ መንግሥት የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት በመስከረም 2010 የራሱን አባባል ትቶ ዓለም አቀፉን «ላይን አፕ ኤንድ ዌይት» ተቀብሏል። በ2006ቱ እትም የሚለማመድ ተማሪ ግን ሥራ ላይ የሌለውን ቃል ሲያጠና ይኖራል። ትምህርት ቤቶች ደካማ ኮምፒዩተር ስላላቸው አሮጌውን እትም መጠቀማቸው የሚጠበቅ በመሆኑ፣ ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

ሌሎችም ልዩነቶች አሉ። በአሜሪካ የአየር ግፊት በኢንች ሜርኩሪ ሲነገር፣ በአብዛኛው ዓለም በሄክቶፓስካል ይነገራል፤ መደበኛው ግፊት በአንዱ 29.92፣ በሌላው 1013.25 ነው። በአሜሪካ ከፍታ ወደ «ፍላይት ሌቭል» የሚለወጠው ከ18,000 ጫማ ጀምሮ ሲሆን፣ ሌሎች አገሮች የየራሳቸውን ወሰን ያወጣሉ። የሬዲዮ ሞገድ ቁጥር ሲነገር ነጥቡን አሜሪካኖች «ፖይንት» ሲሉት ዓለም አቀፉ ደንብ «ዴሲማል» ይለዋል። መምህሩ እነዚህን ልዩነቶች ካወቃቸው ጥሩ የማነጻጸሪያ ትምህርት ይወጣቸዋል። ካላወቃቸው ግን ተማሪው የአንዱን አገር ልማድ የዓለም ሕግ አድርጎ ይይዘዋል።

ፕሮግራሙ ምንም ጥቅም የለውም ማለታችን ግን አይደለም። የንግግሩን ቅደም ተከተል ያሳያል፤ ማን ማንን እንደሚያነጋግር፣ ከምድር ተቆጣጣሪ ወደ ማማው፣ ከማማው ወደ አቀራረብ ተቆጣጣሪ እንዴት እንደሚተላለፍ ያስረዳል። ጆሮንም ያለማምዳል። ይህ የማሳያ ጥቅም ነው፤ ልምምድ ተብሎ ሊቆጠር ግን አይገባም።

4. ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገርበት መረብ

በዚህ ረገድ የተሻለ ሥራ የሠሩት ትርፍ የማይፈልጉ የፈቃደኞች ማኅበራት ናቸው። ከእነዚህም አይ.ቪ.ኤ.ኦ. በ1998፣ ቫትሲም በ2001 የተመሠረቱ ናቸው። በእነዚህ መረቦች በየአገሩ ያሉ ሰዎች ማስመሰያዎቻቸውን በኢንተርኔት ያገናኛሉ፤ አንዱ አብራሪ ሆኖ ሲበር ሌላው የራዳር ስክሪን የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍቶ ተቆጣጣሪ ይሆናል። ንግግሩ በሕያው ድምፅ ነው። በቫትሲም ተቆጣጣሪ ለመሆን የሚፈልግ አባል ከማማው ጀምሮ እስከ ረጅም ርቀት መሥመር ቁጥጥር ድረስ በደረጃ እየሠለጠነና እየተፈተነ ያልፋል። ለአባልነት ክፍያ አይጠየቅም።

እዚህ ላይ ሦስቱም ተግባራት በቦታቸው አሉ። ተማሪው በራሱ አንደበት ይናገራል፤ የሰማውን በራሱ ትውስታ መልሶ ያሰማል፤ ሲሳሳት በማያውቀው ሰው ድምፅ ይታረማል። አድማጩ የሌላ አገር ሰው በመሆኑም ተማሪው ለመምህሩ ሳይሆን ለማንም አድማጭ እንዲሰማ አድርጎ መናገርን ይለማመዳል።

ሆኖም ይህም ሥራ ያለ ሂስ የሚታለፍ አይደለም። በመጀመሪያ፣ የተቆጣጣሪ መኖር በፈቃደኞች ትርፍ ጊዜ ላይ የተመሠረተ ነው። በአንድ አካባቢ ተቆጣጣሪ ከሌለ አብራሪዎች በ122.8 ሞገድ ለእርስ በርሳቸው ከማሳወቅ በቀር የሚያነጋግራቸው የለም። የክፍል ጊዜን በሰዓት ለሚደለድል ትምህርት ቤት ይህ አስቸጋሪ ነው። ሁለተኛ፣ በመረቡ ውስጥ ያሉት ሰዎች በቁም ነገር የሚሠሩ ስለሆኑ ያልተዘጋጀ ጀማሪ የሌሎችን ሥራ ያውካል፤ ራሱም በኀፍረት ወደ ዝምታ ሊያፈገፍግ ይችላል። ሦስተኛ፣ ተማሪው ከማያውቃቸው ጎልማሶች ጋር የሚነጋገርበት ቦታ በመሆኑ የዕድሜ ወሰንና የመምህር ክትትል ያስፈልጋል።

አራተኛውና ለቋንቋ መምህሩ ይበልጥ የሚያሳስበው፣ ቃላቱ እንደ ጌጥ የሚያዙበት ዝንባሌ ነው። በማስመሰያ ወዳጆች ዘንድ የአብራሪ ንግግር እንዲመስል ብቻ የሚጨመሩ ቃላት ይሰማሉ። የሬዲዮ ደንብ ቃልን የሚቀንሰው ሌላው የሚናገርበት ጊዜ እንዲተርፍ ነው። የሙያ ቃል መናገርን እንደ ማዕረግ ልብስ የሚቆጥር ተማሪ የደንቡን መልክ ይዞ መንፈሱን ይጥላል። ይህ በሬዲዮ ቋንቋ ብቻ የሚታይ ሕመም እንዳልሆነ፣ የሳይንስ ትርጓሜን በቃል አጥንቶ ምሳሌ መስጠት የሚያቅተውን ተማሪ የሚያውቅ መምህር ሁሉ ይመሰክራል።

5. የሚያዳምጡት አዲሶቹ ፕሮግራሞች

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የተጠቃሚውን ድምፅ አዳምጠው በድምፅ የሚመልሱ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የታከለባቸው ፕሮግራሞች ቀርበዋል፤ ቢዮንድ ኤ.ቲ.ሲ. እና ሴይ ኢንቴንሽንስ ከእነዚህ ውስጥ ይጠቀሳሉ። እነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ለመሙላት የተነሡ ናቸው። ማሽኑ በማንኛውም ሰዓት ዝግጁ ነው፤ ተማሪውም ራሱ ይናገራል። በመርሕ ደረጃ ይህ ከምርጫ ዝርዝሩ እጅግ የተሻለ ነው።

መምህሩ ግን ሁለት ጥያቄ ማንሣት አለበት። አንደኛው፣ ማሽኑ የተማሪውን አጠራር ሲሰማ በሰው ጆሮ የሚገባውን አልገባኝም ይላል ወይስ በሰው ጆሮ የማይገባውን ገብቶኛል ይላል? የመጀመሪያው ተማሪውን ያለ ጥፋቱ ያሳፍረዋል፤ ሁለተኛው ስሕተቱን ያጸናበታል። ሁለተኛው ጥያቄ፣ ተማሪው ቁጥር አዛብቶ ሲደግም ማሽኑ ያርመዋል ወይስ አሳቡን ገምቶ ያልፈዋል? ተናጋሪውን ለማስደሰት የተሠራ ማሽን የተሳሳተውን በቀና ተርጉሞ ቢያልፍ በጨዋታ ላይ ትሕትና ነው፤ በዚህ ትምህርት ላይ ግን ጉዳት ነው። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ በክፍል ውስጥ ሞክሮ መመለስ ይቻላል፤ ያለዚህ ሙከራ ግዢ መፈጸም አይገባም።

6. ለመማሪያ ክፍል የሚሆነው

እስካሁን የተባለው ሲጠቃለል የሚያስተምረው የሰውየው ጆሮና አንደበት እንደሆነ፣ ፕሮግራሙም የሚጠቅመው እነዚህን በሥራ እስካዋለ ድረስ እንደሆነ ያሳያል። ይህ ለአገራችን መምህር እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት በቃል ትምህርት ጊዜ ተማሪው ከመምህሩ አፍ የተቀበለውን መልሶ ያሰማል፤ መምህሩ ሰምቶ ያርማል፤ ያልተስተካከለው ቃል ሳይስተካከል ወደሚቀጥለው አይታለፍም። የሬዲዮው ደንብ በዚህ በኩል ከዚያ አሠራር ጋር ይመሳሰላል። የሚለየው ተማሪው የደገመውን ወዲያው በተግባር የሚያውለው በመሆኑና አራሚውም ራሱ ሊሳሳት ስለሚችል እርስ በርስ መተራረም ግዴታ በመሆኑ ነው።

በመሆኑም ኮምፒዩተር የሌለው ትምህርት ቤት እንኳ ይህን ትምህርት ማካሄድ ይችላል። ሁለት ተማሪዎች ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ፤ መተያየት የለም። አንዱ ተቆጣጣሪ፣ ሌላው አብራሪ፣ ሦስተኛው መዝጋቢ ይሆናል። በወለሉ ላይ በጠመኔ መንደርደሪያ ይሣላል፤ ለምሳሌ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እንዳሉት ሁለት ትይዩ መንደርደሪያዎች፣ በአንዱ ጫፍ «ዜሮ ሰቨን ሌፍት» እና «ዜሮ ሰቨን ራይት» ይባላሉ። ተቆጣጣሪው «ላይን አፕ ኤንድ ዌይት፣ ራንዌይ ዜሮ ሰቨን ራይት» ይላል። አብራሪው መልሶ ያሰማል፤ ከዚያም ባሰማው መሠረት በሥዕሉ ላይ ይራመዳል። መምህሩ አስቀድሞ ለአብራሪው በምሥጢር ወረቀት ሰጥቶ «ራይት» የሚለውን «ሌፍት» ብሎ እንዲደግም ሊያደርገው ይችላል። ያን ጊዜ ተቆጣጣሪው አዳምጦ ያርም እንደሆነ ይታያል። ስሕተቱ ሳይታረም ካለፈ፣ አብራሪው ሌላ አውሮፕላን በቆመበት መንደርደሪያ ላይ ሲገባ ክፍሉ በሙሉ በዓይኑ ያያል።

የቃላቱን ትርጉም ማስረዳት በአማርኛ ወይም ተማሪው በሚረዳው በሌላ የአገር ቋንቋ ቢሆን ይመረጣል። ፈቃድ፣ ትእዛዝና መረጃ የተለያዩ መሆናቸውን፣ «እሺ» ከሚሸከማቸው ትርጉሞች ውስጥ የትኛው በ«ሮጀር»፣ የትኛው በ«ዊልኮ»፣ የትኛው በ«አፈርም» እንደሚነገር ተማሪው በራሱ ቋንቋ አስቦ ቢለይ፣ በእንግሊዝኛ ሲናገር ቃሉን አውቆ ይናገረዋል። ልምምዱ ግን በእንግሊዝኛ መሆን አለበት፤ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የምድር ጣቢያው የሚሠራበት ሌላ ቋንቋ ቢኖርም፣ እንግሊዝኛ ለሚጠይቅ ሁሉ መቅረብ እንዳለበት ደንቡ ይደነግጋልና።

ለዕቅድ ባለሙያዎች የሚቀርበው አስተያየት ከዚህ የሚከተል ነው። የበረራ ማስመሰያ ለትምህርት ቤት ሲታሰብ በቅድሚያ ተማሪው በራሱ ድምፅ ይናገራል ወይ ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ አይደለም ከሆነ ዕቃው የማሳያ ዕቃ ስለሆነ ለአንድ ትምህርት ቤት አንድ ይበቃል፤ በተማሪ ቁጥር ልክ ማባዛት አያስፈልግም። ቀጥሎ የሚጠየቀው የቃላቱ ሥርዓት የየትኛው አገርና የየትኛው ዘመን ነው የሚለው ነው። በመጨረሻም ለመሣሪያው ከሚመደበው ገንዘብ በፊት ለመምህሩ ሥልጠና ይታሰብ። ከሊንክ ማሠልጠኛ ጀምሮ የታየው እውነት ማስመሰያውን ትምህርት የሚያደርገው ከጎኑ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው መሆኑ ነው።

መደምደሚያ

በዚህ ጽሑፍ የተመረመሩት ፕሮግራሞች ከንቱ የጨዋታ ዕቃ አይደሉም፤ የተባለላቸውን ያህል አስተማሪዎችም አይደሉም። አብሮ የሚመጣው የቁጥጥር ክፍል ሥርዓቱን ያሳያል እንጂ ተማሪውን አያናግርም። የፈቃደኞቹ መረብ ያናግራል፤ ነገር ግን ዝግጁ የሆነ ተማሪና ተከታታይ መምህር ይፈልጋል። አዲሶቹ አዳማጭ ፕሮግራሞች ተስፋ ይሰጣሉ፤ ስሕተትን ሳያርሙ የሚያልፉ ከሆነ ግን የትምህርቱን መሠረት ያፈርሳሉ። ከተማሪዎቻችን አብራሪ ወይም ተቆጣጣሪ የሚሆኑት ጥቂቶች ናቸው። የሰሙትን በትክክል መልሰው ማሰማት፣ ያልገባቸውን አልገባኝም ማለትና የሌላውን ስሕተት በጊዜው ማረም ግን በሐኪም ቤትም፣ በፋብሪካም፣ በመሥሪያ ቤትም ሁሉም የሚፈለግባቸው ነው። ይህን ችሎታ ትምህርት ቤቶቻችን ዛሬ ባላቸው ጠመኔና ወለል ሊጀምሩት ይችላሉ።